ክንፉ የተገጠመ ዕለት

«እንዳትነካው!» አለች ዱርሲቱ፣ እጇን በእጁ ላይ ጭና። «ክንፉ የሚገጠመው በቤታችን ነው ተባብለን የለ?»

ዳዊት የሙጫውን ብሩሽ እንደያዘ ቀረ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ደስ ብሎት ነበር። «ቤታችን» የምትለዋን ቃል ከአፏ ለመስማት ሲል እሑድ በመጣ ቁጥር ክንፉን ሊያጣብቅ የተነሣ ያስመስላል። እሷም ማስመሰሉን እያወቀች በየሳምንቱ ትደነግጥለታለች። ፍቅር የያዘው ሰው እንዲህ ያለ ሥራ አያጣም።

ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ዳኮታ ነው፤ ባለ ሁለት ሞተር፣ አፍንጫው ሽቅብ ጭራው ቁልቁል የሆነ የዱሮ አውሮፕላን። እርግጥ የፕላስቲክ ሞዴል ነው። የልጅ መጫወቻ ግን እንዳይመስላችሁ። ክንፎቹ ሲገጠሙ ከጫፍ ጫፍ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው፣ በካርቶን ተበታትኖ መጥቶ እያንዳንዱ ቁራጭ በመቁረጫ ተለቅሞ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ፣ ተቀብቶ የሚገጣጠም፣ ወራት የሚበላ ሥራ ነው። ዳዊት ቦሌ የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሺያን ነው። ሟቹ አባቱም በጉልምስናቸው የዳኮታ መካኒክ ነበሩ፤ በየገጠሩ ሣር ሜዳ ላይ አርፎ የሚነሣውን ያን አውሮፕላን እስኪሞቱ ድረስ እንደ ወዳጅ ያነሡት ነበር። ልጃቸው ሞዴሉን ከውጭ ያስመጣው ለእሳቸው መታሰቢያ ነው።

ዱርሲቱን ያገኛትም በዚሁ ካርቶን ምክንያት ነው። ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ካርቶኑ የሁለት ሰው ቦታ ይዞ ከረዳቱ ጋር ሲጨቃጨቅ፣ ጎኑ የተቀመጠች አንዲት አስተማሪ «በቃ፣ ግማሹን እኔ እይዝልሃለሁ» ብላ በጭኗ ተሸከመችለት። ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ነገራት። ሳቀችበት። ሲወርዱ ግን «ሲያልቅ አሳየኝ» አለችው። እስኪያልቅ የሚጠብቅ ትዕግሥት ሁለቱም አልነበራቸውም።

«ጥፍርሽን አስኪጂበት» ይላታል፤ የአውሮፕላኑ አካል ሁለት ግማሾች የተጣበቁበትን መስመር እያሳየ። «ጥፍርሽን ከያዘው ገና ነው።»

ዓይኗን ጨፍና ጥፍሯን ቀስ ብላ ታስኬዳለች። «ይይዛል።»

«የት ጋ?»

«እዚህ።»

እሱም የት እንደሆነ ለማወቅ ጣቱን ከጣቷ አጠገብ ያሳርፋል፤ እዚያው ይቆያል። ስቱኮ ይቀባል፣ ይፈገፍጋል፣ እንደገና ጥፍሯን ይለምናል። መስመሩ ጨርሶ ከጠፋ በኋላም «እስቲ ድገሚው» ማለቱን አልተወም።

ስለ ሙጫውም የነገራት እሱ ነው። «ይሄ ሙጫ እንደ ሌላው አይደለም፣ ዱርሲ። ሁለቱን ጠርዝ ያቀልጥና አንድ ያደርጋቸዋል። ከደረቀ በኋላ ልለየው ብትዪ ይሰበራል።» ክንፉን ያቆዩት ለዚህ ነበር። ክንፉ ከተገጠመ ካርቶን አይገባም፣ ሚኒባስ ውስጥ አይያዝም፤ የተገጠመበት ቤት ይቀራል። እነሱ ደግሞ ሰበታ ላይ አንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቤት አይተው ነበር፤ ግቢዋ ውስጥ ኮክ የተተከለባት። ከሠርጋቸው በኋላ አካሉን እሷ፣ ክንፎቹን እሱ በጭናቸው ይዘው ሰበታ ይገቡና በመጀመሪያው ቀን ይገጥሙታል። ተስማምተው፣ እጅ ተማትተው ጨርሰዋል።

በሩ ተንኳኳና የዱርሲቱ ወንድም ቢቂላ አንገቱን አስገባ። በዩኒቨርሲቲው ትምህርት ስለተስተጓጎለ ቤቱ ተመልሶ የሰነበተ ረጅም፣ ሳቂታ ልጅ ነው። «አካም ጅርቱ! የናንተ በረራ እስካሁን አልተነሣም እንዴ? መንገደኛው እኮ ተሰላቸ!»

«አብራሪዋ አልፈቀደችም» አለ ዳዊት።

ቢቂላ ጎንበስ ብሎ ዱርሲቱ በብሩሽ ጫፍ የቀባቻቸውን መቀመጫዎች በመስኮቱ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ቀልዱን ተወ። «ስሙኝ። የገና በዓል ከመድረሱ በፊት አባን እኔ አናግረዋለሁ። ለኔ እምቢ አይልም። እናንተ ሽማግሌ አዘጋጁ።»

ዱርሲቱ ወንድሟን አንገቱን አንቃ ሳመችው። ያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትመለስ ደስታዋ ከራሷ ተርፎ ለመንገደኛው ሁሉ ሰላምታ ትሰጥ ነበር።

*

የዱርሲቱን ቤት ከዳዊት ቤት የሚለየው አንድ ኮረት የፈሰሰበት መንገድ ነው። ከመንገዱ ወዲያ የማኅበር ቤቶች ተደርድረዋል፤ ከአዲስ አበባ የወጡ ሠራተኞች ሰፈር። ወዲህ የዱርሲቱ አባት ኦቦ ገርባ የተረፈቻቸውን ቁራሽ መሬት እያረሱ ይኖራሉ። ያ ማዶ ሰፈር እንዳለ የእሳቸውና የወንድሞቻቸው ማሳ ነበር። ካሳው ተከፈለ፣ አለቀ። መሬቱ ግን አላለቀም፤ በየጠዋቱ ከደጃቸው ፊት ለፊት ይታያል። ኦቦ ገርባ ሰው አይሳደቡም፣ ከማንም አይጣሉም፤ ነገር ግን ያን መንገድ ተሻግረው አያውቁም። ሚስታቸው ወርቅቱ ከሞተች ወዲህ ያላቸው ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው።

በኅዳር ወር፣ በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ማስተር ፕላን የሚባለው ነገር የሁሉ ሰው አፍ ውስጥ ገባ። አዲስ አበባ ወደ ዙሪያዋ ከተሞች ልትሰፋ ነው ተባለ። ሱሉልታ ተነሣ፣ ሰበታ ተነሣ፣ ቡራዩም ተከተለ። ጎማ ይቃጠላል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ መልሶ ይዘጋል። የስልክ ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ዱርሲቱ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ተዘጋ። በማዶ ሰፈር «ሊመጡብን ነው» ይባላል፤ በወዲህኛው «ሊወስዱን ነው» ይባላል። ሁለቱም ወገን በጊዜ በሩን ይዘጋል።

ቢቂላ የሞተው በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ሰልፍ ወጣ፤ ጥይት አገኘው። ሲያመጡት የግራ እግሩ ጫማ አልነበረም። ዱርሲቱ ከዚያ ቀን ውስጥ ከሁሉ አጥርታ የምታስታውሰው ያን ጫማ ፍለጋ በየሰዉ እግር ሥር መንከራተቷን ነው።

ድንኳን ተተከለ። ከመናገሻ፣ ከተጂ ዘመድ በእግርም በፈረስም መጣ። ዱርሲቱ ፊቷን አጥቁራ፣ ፀጉሯን ተላጭታ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ወደ ድንኳኑ በር ታይ ነበር። ሰው በገባ ቁጥር ልቧ ይነሣል፤ እሱ አይደለም። ከልቅሶ መቅረት በዚህ አገር ትንሽ ነገር አይደለም። ጠላት እንኳ ይመጣል። ጠበኛ ጎረቤት ጠቡን ደጅ ትቶ ይገባል። ዳዊት ግን መንገድ ተሻግሮ ሊመጣ አልቻለም?

ባልቴቶቹ «የማዶ ሰዎች አንድም አልመጡም» ሲባባሉ ሰማች። ከወንድሟ ሞት በላይ ሌላ ሐዘን ማዘኗ አሳፈራት፤ አሳፍሯትም ግን አላቆመችም።

*

ድንኳኑ በፈረሰ ማግሥት ዱርሲቱ ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ መንገዱን ተሻገረች። ልትቆጣው አልነበረም የሄደችው። «ለምን?» ብላ ልትጠይቀው፣ መልሱን ሰምታ ደረቱ ላይ ልታለቅስ ነበር።

የእነ ዳዊት በር ላይ አይሱዙ ቆሟል። ወዛደሮች አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የእናቱን ሶፋ እየጫኑ ነው። ጎረቤቶቻቸውም እየጫኑ ነበር። በዚያ ሳምንት ከማዶ ሰፈር ብዙ ሰው ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። ዱርሲቱ በግቢው ጎን ዞራ የምታውቀውን መስኮት በመዳፏ ከልላ ወደ ውስጥ አየች።

ክፍሉ ባዶ ነው። ጠረጴዛው ብቻ አለ። በጠረጴዛው ላይ ዳኮታው ሁለቱን ክንፎቹን ዘርግቶ ቆሟል።

ተገጥሟል። ሙጫው ደርቋል። መጋጠሚያው ሳይቀር ተፈግፍጎ ተቀብቷል። እሷ በሌለችበት፣ «ቤታችን» ባሉት ቤት ሳይሆን በዚህ በሚለቀቀው ቤት ውስጥ።

ብትጠይቅ ኖሮ! ከወዛደሮቹ አንዱን «ዳዊት የት ሄደ?» ብትል «ሥራ ገብቷል፤ አልሄድም ብሎ ከእናቱ ጋር ተጣልቷል» ይላት ነበር። ግን ልቡ የተሰበረ ሰው መጠየቅ አይሆንለትም፤ ያየውን ይዞ ይሄዳል። ዱርሲቱም ያየችውን ይዛ ሄደች። ለሷ ነገሩ ግልጽ ነበር። ወንድሟ ሞተ፣ ፈራ፤ የሰበታውን ቤት ተወው፤ ሥራውን ብቻውን ጨረሰና ዕቃውን ጫነ።

ኦቦ ገርባ ከቤት ደጃፍ ተቀምጠው ጠበቋት። ከየት እንደመጣች አይተዋል። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር።

«ያ የማዶው ልጅ፣ ለምን አልመጣም?»

ዱርሲቱ ክው አለች። «ማን ነገረህ፣ አባ?»

«ቢቂላ። በሞተበት ሳምንት ነገረኝ። ይምጣ ልየው ብዬው ነበር።»

ይህን መስማት ነበረባት? አባቷ እሺ ሊሉ ነበር። ወንድሟ ቃሉን ጠብቆ ነበር። የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ግን ክንፍ አጣብቆ ሶፋ እየጫነ ነው። ሐዘኑም ቁጣውም እፍረቱም አንድ ላይ በአፏ መጣ።

«በቢቂላ አጥንት!» አለች፤ በጣም ከመጮኋ የተነሣ ዶሮዎቹ ተበተኑ። «በወንድሜ አጥንት፣ ያን ሰው አላገባም! የሱ ቤት ቤቴ አይሆንም!»

«አትማዪ! አትማዪ፣ እንተለ ኮ፣ ልጄ!» ብለው አባቷ እጃቸውን ዘረጉ። ዘግይተዋል። ቃሉ ወጥቷል።

ኦቦ ገርባ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዱርሲቱ በመማሏ የቀለላት መስሏት ነበር፤ ግን ደረቷ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ሲቀመጥ ታወቃት።

*

ከዚያ ወዲያ ስልኳ ላይ የዳዊት ስም ሲመጣ ታጠፋዋለች። መልእክቱን ሳታነብ ትደመስሳለች። ትምህርት ቤት ሲከፈት በር ላይ ቆሞ አየችው፤ ከስቶ ነበር። ዓይኗ ዓይኑን ለአንድ አፍታ አገኘው። «ዱርሲ» ሲል ሰምታለች። በመምህራን መውጫ ዞራ ሄደች፤ እግሯ እየሄደ ልቧ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

በጥር መጀመሪያ ራዲዮኑ ማስተር ፕላኑ መቅረቱን ተናገረ። ኦቦ ገርባ ከሰሙ በኋላ ራዲዮኑን ዘጉት።

«ቀረ አሉ» አሏት።

«ምኑ?»

«ፕላኑ።»

ዱርሲቱ እጃቸውን ያዘች፤ ሁለቱም የሚያስቡት አንድ ሰው ነበር።

የቢቂላ አርባ በወጣ ዕለት አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መንገዱን ተሻግራ መጣች። የዳዊት እናት፣ ወይዘሮ የሺሃረግ ናቸው። ከሽሮ ሜዳ፣ ከተጠጉበት ከእህታቸው ቤት፣ በሁለት ታክሲ የመጡ። ለኦቦ ገርባ ጎንበስ ብለው «እግዜር ያጥናዎት» አሉ፤ አልቅሰው፣ ዕንባቸውን ጠርገው፣ ከዚያ ዱርሲቱን ወደ ጓሮ ሳብ አደረጓት። ለቁጣ የማይሰንፉ ሴት ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ልጄ ምን አድርጎሽ ነው?»

«እትዬ የሺሃረግ...»

«ቆይ፣ እኔ ልጨርስ። የወንድምሽ ቀብር በሆነ ማግሥት ከቦሌ በእግሩ መጥቶ እዚህ ድንኳን በር ላይ ቆመ። ልጆቹ ‘ዛሬ የማዶ ሰው አይግባ፣ ለራስህ ብለህ ተመለስ’ አሉት። አልፈርድባቸውም፤ ጓደኛቸውን ቀብረው ነው። ቤት መጥቶ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔ ደግሞ፣ እናት ነኝ፣ ፈራሁ። እንውጣ አልኩት። መኪና አመጣሁ። ያን አውሮፕላኑን በካርቶኑ ክተት ስለው ተነሣና ክንፉን በሙጫ ለጠፈው!»

ዱርሲቱ ግድግዳውን ተደገፈች። «ለምን?» አለች።

«‘አሁን የትም አይሄድም፣ እማዬ፤ እኔም የትም አልሄድም። ዱርሲቱ ያለችው እዚህ ነው’ አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ባዶ ቤት ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ ተቀምጧል። እዚያ ድረስ ሄደሽ አንድ ቀን አላየሽውም? ልብ የለሽም?»

ዱርሲቱ ጓሮው ውስጥ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሄዳ ነበር። አይታም ነበር። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ያየችው «እቀራለሁ» የሚል የሰው ቃል ነበር፤ እሷ ግን «ሄጃለሁ» ብላ ነው የሰማችው። ወይዘሮ የሺሃረግ ቁጣቸውን ረስተው ጭንቅላቷን ወደ ሆዳቸው አስጠጉት። እንደዚያ ቀን አልቅሳ አታውቅም፤ ለወንድሟም እንዲያ አላለቀሰችም።

*

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ሄደች። ዳዊት በሩን ከፈተላት። እሱ ፀጉሯን አየ፤ ገና አጭር ነው። እሷ ጉንጩን አየች፤ ጎድጉዷል። ባዶው ክፍል ውስጥ ዳኮታው ብቻ እንደ ባለቤት ክንፉን ዘርግቶ ቆሟል።

«ጥፍርሽን አስኪጂበት» አለ በመጨረሻ፤ ክንፉ ከአካሉ ጋር የተጋጠመበትን እያሳየ። ሊስቅ ሞክሮ ነበር።

ጥፍሯን አስኬደች። ምንም አልያዘውም። ሥራው እንከን አልነበረውም፤ ያን ጊዜ ነው ዕንባዋ የመጣው።

«መጥቼ ነበር፣ ዳዊት። መኪናው ሲጫን። በዚህ መስኮት አየሁት።»

ዳዊት የሰማውን ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። «ያላንቺ ገጠምኩት ብለሽ...»

«ተወኝ ብዬ።»

«ዱርሲዬ! እኔ እኮ እንዳልተውሽ ነው የገጠምኩት! ሰዉ ሁሉ ሲሮጥ እኔ መሮጥ እንዳልችል ነው! ሌላ ምን ነበረኝ? ስልክሽ አይሠራም፣ ድንኳን አላስገቡኝም። ይሄን ብቻ ነበር ማድረግ የምችለው።»

«አሁን አወቅኩ። አሁን ማወቄ ነው የሚገድለኝ።»

«እንግዲያው ምን ቀረ? ተገናኘን አይደል? ተግባባን አይደል?» እጇን ያዘ። «በይ፣ መጋዝ አለኝ። ክንፉን ቆርጬ ሰበታ እወስደዋለሁ። ቢሰበርም ይሰበር፣ እንደገና እንጠግነዋለን።»

«ምያለሁ» አለች።

«ምን?»

«አላገባውም ብዬ ምያለሁ። በቢቂላ አጥንት።»

ዳዊት እጇን አልለቀቀም። ይህ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያሻም። ሰው በቅዱስ ስም ምሎ ንስሐ ይገባል፤ ቄሱ ይፈቱታል። በገዛ ወንድም አጥንት፣ ያውም አፈሩ ሳይደርቅ፣ የተማለ ግን ሌላ ነው። ሁለቱም በዚህ አገር ያደጉ ናቸው፤ ሁለቱም ያውቁታል።

«ለማን ነው የማልሽው?» አለ።

«ለአባ።»

«እንግዲያው የሚፈቱሽ እሳቸው ናቸው። እግራቸው ሥር እወድቃለሁ።»

ዱርሲቱ ተስፋ ማድረግ ፈርታ ነበር፤ ግን ማድረጓ አልቀረም።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኦቦ ገርባ ከገለባው ክምር አጠገብ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠው ሳለ፣ አንድ ወጣት ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ አጎንብሶ ከበራቸው ገባ። ዱርሲቱ የቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ዳዊት እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜው አድርጎ አያውቅም፤ ድንጋዩን እንኳ በሰው ምክር ነው የመረጠው። ግን ሲንበረከክ ያስመሰለ አይመስልም ነበር።

«ኦቦ ገርባ፣ ይማሩኝ። ልጅዎን በወግ ሳልጠይቅ ወደድኳት። ልቅሶዎ ላይም ሳልቀመጥ ቀረሁ። የማለችውን መሐላ ይፍቱልኝ። እርስዎ ባሉበት፣ በዚሁ በቡራዩ እኖራለሁ፤ ከፈለጉም ልጅ እሆንዎታለሁ።»

ኦቦ ገርባ ብዙ አዩት። ከዚያ ተነሥተው ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ከጫንቃው አወረዱለት።

«ተነሥ፣ ኢልመ ኮ፣ ተነሥ ልጄ» አሉ። «አንተ ምን በደልክ? ድንኳን በር ድረስ መጥተህ የተመለስክ ሰው ነህ። እናትህ ነግራኛለች። መሬቱንም የወሰድከው አንተ አይደለህም። ይሄን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጀሁ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ያን መሐላ እኔ አልጠየቅኩሽም፤ አሁንም አልፈልገውም። ፈትቼሻለሁ። ቢቂላም ይሄን ልጅ ይወደው ነበር።»

ዱርሲቱ ዓይኗን ወደ ዳዊት አነሣች። ያ አስተያየት ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ ግን ያለፈው ወር ሁሉ ከፊታቸው ላይ ተነሥቶ ሄደ። ሰበታ ያለችው ቤት፣ ኮኩ፣ ሚኒባሱ፣ ሁሉም ተመለሰ። ዳዊት ሳቀ፤ እሷም ከንፈሯ መሳቅ ጀምሮ ነበር።

ኦቦ ገርባም ልባቸው ቀለለ። እንግዳቸው ቆሞ መቅረቱን ያስተዋሉት ያን ጊዜ ነው። በእሳቸው ደጅ እንግዳ ቆሞ አያውቅም። ፊታቸውን ወደ ቤቱ መልሰው፣ በዱሮው ሙሉ ድምፃቸው ተጣሩ፤

«ቢቂላ! በርጩማ ፊዲ!»

ጥሪው ግቢውን አቋርጦ ሄደ። ማንም አልመለሰ። አንድ ሁለት ጊዜ ዓይናቸውን ካርገበገቡ በኋላ ምን እንዳሉ ገባቸው፤ ክምሩን በእጃቸው ደገፍ አሉ።

ዱርሲቱ ወደ ውስጥ ገባች። በርጩማውን ይዛ ወጣች። በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችና ዳዊት ፊት አስቀመጠችው። ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

«ተቀመጥ» አለችው፤ ለሩቅ እንግዳ እንደሚባለው።

«ዱርሲ... አባትሽ ፈትተውሻል እኮ።»

«አባ ፈታኝ። አባ ደግ ነው። እኔ ግን በሱ አልነበረም የማልኩት። እወድሃለሁ፣ ዳዊት። ይሄን አባዬ እየሰማ ነው የምነግርህ፤ ከአንተ ሌላም አልወድም። በንዴት አፌን ከፍቼ የወንድሜን አጥንት አስያዝኩብህ። ልታስምረኝ መጣህ፣ እግዜር ይስጥህ። ግን ይቅር በለኝ የምለው ሰው፣ ይኸው፣ ሲጠራም አልመጣም።»

ዳዊት ቆሞ ሊሟገታት ይችል ነበር። ነገር ግን ሐዘን ከገባበት ቤት የቀረበለትን በርጩማ እምቢ ማለት አልሆነለትም፤ ተቀመጠ። ዱርሲቱ ውኃ ልታመጣለት ዞረች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሁለቱም አዩ። እሱም ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ ያለቅስ ነበር። ኦቦ ገርባ በመካከላቸው ቆመው፣ ማንኛቸውን እንደሚያባብሉ ጨነቃቸው።